ባሕሩ ለምን ሮዝ ሆነ? ኮሊዩር ላይ ያለፈ አንድ በጋና የማቲስ ቀለም

ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ቁመቱ 55፣ ወርዱ 46 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል አለ። ወደ ባሕር የተከፈተ መስኮት ያሳያል። ከመስኮቱ በስተግራ ያለው ግድግዳ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ነው፤ በስተቀኝ ያለው ደግሞ ደማቅ ሮዝ። ከመስኮቱ ግርጌ አበባ የተተከለባቸው ማሰሮዎች ተደርድረዋል፣ ሐረግ ዙሪያውን ተጠምጥሟል፣ ከዚያ ወዲያ ጀልባዎች ይታያሉ። ጀልባዎቹ የቆሙበት ውኃ ግን ሰማያዊ አይደለም። ሮዝ ነው።

ሥዕሉ «የተከፈተ መስኮት፣ ኮሊዩር» ይባላል። የሣለው ፈረንሳዊው ሄንሪ ማቲስ ነው፤ ዘመኑም 1905 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው ሠዓሊው ወይ ቀለም አያውቅም፣ ወይ ያገኘውን ቀለም እንደ ደስ ያለው ለቅልቆታል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ከመቶ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት ፓሪስ ላይ ያዩት ሰዎችም የተናገሩት ይህንኑ ነበር። በ2023 እና በ2024 በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ ቀጥሎም በሂውስተን የተካሄደ ትልቅ ዐውደ ርእይ የዚያን በጋ ሥራዎች አሰባስቦ ለሕዝብ ካሳየ በኋላ የኮሊዩር ስም እንደገና ተነሥቷል። ሮዙ ባሕር ግን ከስህተትም ሆነ ከዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የመጣበትን መንገድ ለመረዳት ሠዓሊው በዚያች የዓሣ አጥማጆች መንደር ያሳለፋቸውን አራት ወራት ገደማ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ማቲስን ወደ ኮሊዩር ምን ወሰደው?

ማቲስ በ1869 የተወለደው በሰሜን ፈረንሳይ ነው። ያደገባት ቦኧን የተባለችው ከተማ በሽመና የምትተዳደር፣ ሰማይዋ አብዛኛውን ጊዜ በደመና የተሸፈነ፣ ቀዝቃዛ አገር ነበረች። አባቱ የእህልና የዘር ነጋዴ ነበር፤ ልጁም ሕግ ተምሮ በጠበቃ ቢሮ በጸሐፊነት መሥራት ጀምሮ ነበር። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ታምሞ አልጋ ላይ ዋለ፤ እናቱ የቀለም ሣጥን ገዝታ ሰጠችው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሕጉ ለመመለስ ልቡ እምቢ አለው።

በ1905 ዕድሜው 35 ደርሶ፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ይዞ፣ ገና ስሙ ያልተጠራና ገንዘብ ያጠረው ሠዓሊ ነበር። ባለፉት ዓመታት የባለቤቱ የአሜሊ ወላጆች ሳያውቁ በአንድ ትልቅ የማጭበርበር ቅሌት ውስጥ ገብተው ቤተሰቡ ተጎሳቁሎ ነበር። ስለዚህ «የባሕር ዳር ቆይታ» ሲባል ሀብታም ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚያርፍበትን ጊዜ ማሰብ ያሳስታል። ማቲስ ግንቦት አጋማሽ ላይ ኮሊዩር የወረደው ርካሽ ማረፊያና ያልተበረዘ የሥራ ጊዜ ፍለጋ ነው፤ ያረፈውም ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ ተራ ሆቴል ነው።

ኮሊዩር በፈረንሳይ ደቡባዊ ጫፍ፣ የፒሬኔ ተራራዎች ቁልቁል ወርደው ከሜዲትራኒያን ባሕር በሚገናኙበት ቦታ፣ ለስፔን ድንበር ቅርብ ሆና ትገኛለች። ሕዝቧ ካታላን ነው። ኑሮው ሰርዲንና አንቾቪ የሚባሉትን ትናንሽ ዓሦች አጥምዶ፣ በጨው አሽቶ መሸጥ ነበር። የቤተ ክርስቲያኗ የደወል ግንብ ውኃው ዳር የቆመ፣ ቀድሞ የመርከበኞች መብራት ማማ የነበረ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በቢጫ ይቀቡት ነበር፤ ሥራ በማይኖርበት ጊዜም ጠጠሩ ላይ ጎትተው ጎን ለጎን ይደረድሩታል። እንግዲህ ማቲስ በማለዳ ሲወጣ በመጀመሪያ ዐይኑን የሚይዘው ይህ ነው፦ በነጭ ጠጠር ላይ የተደረደረ ንጹሕ ቀለም።

ከዚያ በፊት እንዴት ይሥል ነበር?

ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የቀደመውን ልማድ ማወቅ ግድ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት የአውሮፓ ሠዓሊ የሚማረው ሕግ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ነገር የራሱ ቀለም አለው፤ ቅጠል አረንጓዴ፣ ብርቱካን ብርቱካናማ ነው። ብርሃን የሚያርፍበትን ጎን ነጭ እየጨመርክ ታፈካዋለህ፣ ጥላ የሚያርፍበትን ጎን ቡናማ ወይም ጥቁር እየጨመርክ ታጠቁረዋለህ። ጠፍጣፋው ሸራ ላይ ያለው እንስራ ክብ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ አሠራር ጥላ ማለት የብርሃን መጥፋት ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ይህ ሕግ መላላት ጀመረ። አንዱ ምክንያት የመጣው ከቀለም ቅቦች ሳይሆን ከጨርቅ ሥራ ነው። ሚሼል ሼቭረል የተባለ ኬሚስት ፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ሸማኔዎቹ ጥቁሩ ክር ደብዝዞብናል እያሉ ያማርሩ ነበርና ክሩን ሲመረምረው ጥቁሩ ደኅና ነው። ጥፋቱ የጎረቤቱ ሆነ፤ ጥቁሩ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክሮች አጠገብ ሲቀመጥ ዐይን ያደበዝዘዋል። ሼቭረል በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቀለም በዐይናችን የሚኖረው መልክ ጎኑ በተቀመጠው ቀለም እንደሚለዋወጥ አስረዳ። በፀሐይ የተሰጣ ቀይ በርበሬ ላይ አንድ አረንጓዴ ቅጠል ቢወድቅ ቅጠሉም በርበሬውም ይበልጥ ይደምቃሉ፤ ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ እንዲህ ባለው ሁኔታ እርስ በርስ የሚደማመቁ ጥንዶች ናቸው። እነዚህ ጥንዶች ተቃራኒ ቀለማት ይባላሉ። አንባቢ ራሱ ሊሞክረው ይችላል፦ ቀይ ነገር ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ዐይንን ሳያነሡ ካፈጠጡ በኋላ ነጭ ግድግዳ ቢያዩ አረንጓዴ ቀመስ ጥላ ብቅ ይላል። ዐይን የጎደለውን ጥንድ ራሱ ይሠራዋል ማለት ነው።

ዦርዥ ሱራና ፖል ሲኛክ የተባሉ ሠዓሊዎች ይህን እውቀት ወደ ሥርዓት ለወጡት። ቀለምን ሳይቀላቅሉ በነጥብ በነጥብ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ድብልቁን ለተመልካቹ ዐይን ተዉለት። አሠራሩ ዲቪዥኒዝም ይባላል፤ ቀለምን መነጣጠል እንደማለት ነው። የዛሬ አንባቢ የቴሌቪዥን ወይም የስልክ መስተዋትን ቢያስብ ነገሩ ይቀለዋል፤ መስተዋቱን በማጉያ ብናየው የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ነጥብ ክምችት ነው፣ ራቅ ስንል ግን ፊት ሆኖ ይታየናል። ማቲስ በ1904 በጋ ሲኛክ በሚኖርባት በሳን ትሮፔ፣ ያም የባሕር ዳር ነው፣ ከሰውየው ጎን ሆኖ ይህን ተማረ። በዚያው ስልት የሠራውንም ትልቅ ሥዕል ሲኛክ ራሱ ገዛው።

ሆኖም ማቲስ አልረካም። ሰው ወይም ዛፍ ሲነድፍ መስመሩ ወጥና ለስላሳ ሆኖ ይሄዳል፤ ሲቀባው ግን ነጥቦቹ መስመሩን ይበሉታል። ከኮሊዩር በጁላይ 1905 ለሲኛክ በጻፈው ደብዳቤ በዚያ ሥዕል ውስጥ ንድፉና ቀለሙ እርስ በርስ የሚቃረኑ ሆነው እንደሚታዩት ነግሮታል። ለመምህሩ፣ ያውም ሥዕሉን ለገዛው ሰው፣ እንዲህ ብሎ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ጥያቄውን ይዞ ወደ ባሕሩ የወረደው ማቲስ ነው፤ ባሕሩ ያገኘው ባዶ እጁን የመጣ ሰው አልነበረም።

የኮሊዩር ብርሃን ምን የተለየ ነገር አለው?

በዚያ አካባቢ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍስ ትራሞንታን የሚባል ደረቅና ብርቱ ነፋስ አለ። ሲነፍስ ጉሙንና እርጥበቱን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ሩቅ ያለው ተራራ ቅርብ ካለው ጀልባ እኩል ጥርት ብሎ ይታያል። በሰሜን አገር ሠዓሊ ርቀትን የሚያሳየው ሩቁን በማደብዘዝ ነበር። እዚህ ግን ሩቁ ራሱ አልደበዝዝም አለ።

ሁለተኛው ነገር ጥላ ነው። በኖራ በተለሰነ ቤት ፊት ለፊት በቀትር የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጥላ ልብ ብለው ሲያዩት ጥቁር ሳይሆን ሰማያዊ ቀመስ ነው፣ ምክንያቱም የፀሐይዋ ጨረር ቢጋረድም የሰማዩ ብርሃን እዚያው ይደርሳል። ኮሊዩር ላይ ደግሞ ከሰማዩ በተጨማሪ ባሕሩ፣ ነጩ ጠጠርና የተቀቡት ግድግዳዎች ብርሃኑን መልሰው ወደ ጥላው ውስጥ ይወረውራሉ። ጥላው በቀለም ይሞላል። የብርሃን መጥፋት መሆኑ ቀርቶ ሌላ ዓይነት ብርሃን ይሆናል።

ይህን በቃል ግልጽ አድርጎ የጻፈው አንድሬ ዴራን ነው። ዴራን በዚያን ጊዜ የ25 ዓመት ወጣት፣ የውትድርና ግዴታውን ጨርሶ ገና መመለሱ ነበር፤ ማቲስ ጠርቶት በጁላይ መጀመሪያ ኮሊዩር ደረሰ። ለጓደኛው ለሠዓሊው ሞሪስ ደ ቭላማንክ በላከው ደብዳቤ ስለ ብርሃን አዲስ ግንዛቤ እንዳገኘ፣ ይህም ጥላን መካድ እንደሆነ፣ በዚያ አገር ብርሃኑ እጅግ ብርቱ ጥላውም ብሩህ እንደሆነ አስረድቷል። ጥላን መካድ የሚለው ሐሳብ ለእኔ የዚያ በጋ ቁልፍ ነው። ጥላ ከተካደ ቡናማና ጥቁር ሥራ ያጣሉ፤ እነሱ ሥራ ካጡ ደግሞ እንስራውን ክብ የሚያደርገው ሌላ ነገር መፈለግ አለበት።

የተገኘው ሌላ ነገር ቀለሙ ራሱ ነው። ሁለቱ ሠዓሊዎች በዚያ በጋ አንዱ የሌላውን መልክ ሥለዋል፤ ሥዕሎቹ ዛሬ ሁለቱም ለንደን በቴት ሙዚየም ይገኛሉ። ማቲስ በሣለው የዴራን መልክ፣ ወጣቱ ቀይ ቆብ አድርጎ ይታያል፤ ብርሃኑ ያረፈበት የፊቱ ጎን ሞቃት ቀለም ሲሆን በሌላው ጎን ጥላ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ ገብቷል። ፊቱ ግን ጠፍጣፋ አልሆነም፤ አፍንጫው ይወጣል፣ ጉንጩ ይዞራል። ሞቃት የሚባሉት ቀለማት፣ ማለትም ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ፣ ወደ ተመልካቹ የቀረቡ ይመስላሉ፤ ቀዝቃዛዎቹ ሰማያዊና አረንጓዴ ደግሞ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ቀድሞ ነጭና ጥቁር ይሠሩት የነበረውን ሥራ ሞቃትና ቀዝቃዛ ተረከቡት።

ታዲያ ባሕሩ ለምን ሮዝ ሆነ?

አሁን ወደ መስኮቱ እንመለስ። ጥላ ከቀረና ቀለም በጎረቤቱ የሚወሰን ከሆነ፣ ሠዓሊው ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። «ውኃ ምን ዓይነት ቀለም አለው?» የሚለው ቀርቶ «ይህ ክፍል በብርሃን እንዲሞላ እዚህ ቦታ ላይ የትኛው ቀለም ይቀመጥ?» የሚል ይሆናል።

ይህን ለመረዳት ከዜማ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አንድ ባለማሲንቆ ለራሱ ድምፅ እንዲስማማው ክሩን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይቃኛል። ሁሉም ድምፆች ከነበሩበት ይነሣሉ፤ ነገር ግን በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አልተነካምና ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ ሆኖ ይሰማል። ማቲስ ያደረገው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የሸራ ላይ ቀለም፣ ምንም ቢደምቅ፣ የፀሐይን ብርሃን ያህል ሊያበራ አይችልም፤ ስለዚህ የታየውን እንዳለ መገልበጥ ሥዕሉን ከእውነቱ ይልቅ ያጨልመዋል። ማቲስ በቀለሞቹ መካከል ያለውን ርቀት ይዞ ቅኝቱን ለወጠው። በ1908 ባሳተመው ጽሑፍም ሐሳቡን ሲያስረዳ የሚያስጨንቀው የቀለሞች ዝምድና እንደሆነ፣ አንዱ ሲጨመር ሌላው ስለሚነካ ሁሉንም እንደ አዲስ ማመጣጠን እንደሚገባው ጽፏል።

በሥዕሉ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። የግራው ግድግዳ አረንጓዴ ቀመስ ስለሆነ የቀኙ ሮዝ ይደምቃል። የመስኮቱ መዝጊያዎች መስተዋት ደግሞ የፊት ለፊታቸውን ቀለም ይዘዋል፤ አረንጓዴው ወደ ሮዙ፣ ሮዙ ወደ አረንጓዴው ይሻገራል። ውጭ ያለው ባሕርና ሰማይ ሮዝ የሆኑት በዙሪያቸው ያለው የሐረግ አረንጓዴ እንዲያነሣቸው ነው። ሮዙን አንሥተን በተለመደው ሰማያዊ ብንተካው ውኃው ከግራው ግድግዳ ጋር ይመሳሰልና መስኮቱ ይደፈናል፤ አየሩ ይጠፋል።

የብሩሹም እንቅስቃሴ ቦታ ቦታ አለው። ክፍሉ ውስጥ ቀለሙ ሰፋ ሰፋ ብሎ ተዘርግቷል፤ ሐረጉ በፈጣን ነጠብጣብ ተረጭቷል፤ ባሕሩ በአጫጭር አግድም ምቶች ይወዛወዛል። እዚህም እዚያም ነጩ ሸራ ሳይቀባ ቀርቷል፤ ይህ ያልተጨረሰ ሥራ ምልክት አይደለም። ማቲስ በዚያ በጋ በውኃ ቀለም ብዙ ሠርቷል፣ በውኃ ቀለም ደግሞ ብርሃን የሚመጣው ከወረቀቱ ነጭ ነው። ያንን ልማድ ወደ ዘይት ቀለም አመጣው።

ከዚሁ በጋ የሆነ ሌላ ትንሽ ሥዕል ኒው ዮርክ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ባለቤቱ አሜሊ የጃፓን ቀሚስ ለብሳ ድንጋይ ላይ ውኃው ዳር ተቀምጣለች። ቀሚሱን የሠሩት የብሩሽ ምቶችና ሞገዱን የሠሩት ምቶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሴትዮዋ የት ጋ አልቃ ውኃው የት ጋ እንደሚጀምር ለማወቅ ዐይን ይቸገራል። ባሕር ዳር ተቀምጦ ሞገድ ላይ የሚያብለጨልጨውን ፀሐይ ያየ ሰው ግን ነገሩን ወዲያው ያውቀዋል፤ በዚያ ብልጭታ ውስጥ የነገር ጠርዝ በእርግጥ ይጠፋል።

«አራዊት» የሚለው ስም ከየት መጣ?

ማቲስ በሴፕቴምበር ወደ ፓሪስ ሲመለስ 15 ያህል የዘይት ሥዕሎች፣ 40 ያህል የውኃ ቀለሞችና ከመቶ በላይ ንድፎች ይዞ ነበር። ፓሪስ እንደ ደረሰም አሜሊን ትልቅ ባርኔጣ አድርጋ ሣላት፤ ፊቷ ላይ አረንጓዴ፣ አንገቷ ላይ ብርቱካናማ አለ። በእርግጥ የለበሰችው ልብስ ምን ዓይነት ቀለም ነበረ ተብሎ ሲጠየቅ «ጥቁር ነዋ» ብሎ መለሰ ይባላል።

በኦክቶበር የመጸው ሳሎን የተባለው ዓመታዊ ዐውደ ርእይ ሲከፈት የማቲስ፣ የዴራን፣ የቭላማንክና የጓደኞቻቸው ሥራዎች በ7ኛው ክፍል ተሰቀሉ። በክፍሉ መካከል በጥንታዊው የኢጣሊያ ስልት የተቀረጸ ቅርጽ ቆሞ ነበር። ሉዊ ቮክሴል የተባለው ሐያሲ ይህን አይቶ ዶናቴሎ በአራዊት መካከል ነው ሲል ጻፈ፤ ዶናቴሎ የ15ኛው መቶ ዘመን ዝነኛ የፍሎረንስ ቀራጺ ነው፣ «አራዊት» የተባሉት ደግሞ በዙሪያው የተሰቀሉት ሥዕሎች ናቸው። በፈረንሳይኛ አራዊት ፎቭ ይባላሉና የሠዓሊዎቹ መጠሪያ በዚያው ጸና፤ ፎቪዝም የሚለው ቃልም ከዚህ መጣ። ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ማኅበር አልመሠረቱም፣ መግለጫም አላወጡም።

ሕዝቡ በባለባርኔጣዋ ሴት ሥዕል ፊት ቆሞ ሳቀ። ፓሪስ ይኖሩ የነበሩት የአሜሪካዊው የሊዮ ስታይን ቤተሰብ ግን በ500 ፍራንክ ገዙት፤ ለማቲስ ቤት ያ ገንዘብ ብዙ ነበር። ሥዕሉ ዛሬ ሳን ፍራንሲስኮ ይገኛል።

ለውጡን ያመጣው ባሕሩ ብቻ ነበር?

አልነበረም፤ እንዲህ ብሎ ማጠቃለል ሠዓሊውን መበደል ይሆናል። ኮሊዩርን ብዙ ሰው አይቷታል።

አንደኛ፣ ማቲስ ብቻውን አልነበረም። ዴራን ከእሱ በአሥር ዓመት የሚያንስ፣ ፈጣንና ደፋር ሰው ነበር። ሁለቱ አንድ ወደብ፣ አንድ ጣሪያ፣ አንድ ተራራ ፊት ቆመው እየሣሉ በየቀኑ ሲከራከሩ ማንኛቸውም ብቻቸውን የማይደፍሩትን ደፈሩ። ሁለተኛ፣ በአቅራቢያው ዳንኤል ደ ሞንፍሬ የተባለ ሰው በ1903 በፓሲፊክ ደሴቶች የሞተውን የጓደኛውን የፖል ጎጋንን ሥዕሎች በቤቱ አስቀምጦ ነበር። ማቲስና ዴራን በዚያ በጋ ሄደው አዩአቸው። በነጥብ ያልተበተነ፣ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ቀለም ምን ያህል ኃይል እንዳለው እነዚያ ሥዕሎች አሳይተዋል። የብረት ቱቦ ውስጥ የታሸገ ቀለምም በ1841 ከተፈለሰፈ ወዲህ ሠዓሊ ሣጥኑን ይዞ ደጅ ወጥቶ መሥራት ቀሎት ነበር፤ ኬሚስቶች የሠሩት ደማቅ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴም ለማንም በእጅ የሚገኝ ሆኖ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን እኔ ክብደት የምሰጠው ለልጅነት ከተማው ነው። የቦኧን ሸማኔዎች ለፓሪስ ፋሽን ቤቶች ውድ ጨርቅ ይሠሩ ነበር፤ ማቲስም ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሰብሳቢ ነበር። ሸማኔ በጨርቅ ላይ ጥላ አያበጅም። ለእሱ ቀለም ማለት አንዱ ክር ከሌላው ክር ጎን ሲውል የሚሆነው ነገር ነው፤ በነጭ ሸማ ጫፍ ላይ ጥበብ የሚጥል ሸማኔ ቀዩን ከየትኛው አረንጓዴ አጠገብ እንደሚያውለው የሚጨነቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሰሜን ፈረንሳይ በደመና ሥር የተቀመጠውን ይህን እውቀት የኮሊዩር ፀሐይ ቀሰቀሰችው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ለውጡ በአንድ ሌሊት አለመሆኑም መታወስ አለበት። ፓሪስ ከተመለሰ በኋላ ማቲስ የኮሊዩርን ወደብ በአንድ ሰፊ ሸራ ላይ በዚያው በሲኛክ የነጥብ ስልት እንደገና ሠርቶታል። የለመዱትን መተው ከባድ ነው፤ እጁ አንድ ጊዜ ወደፊት አንድ ጊዜ ወደኋላ ይል ነበር።

ከኮሊዩር ምን ይዞ ሄደ?

በመጀመሪያ የያዘው ቀለም ከነገሩ ተለይቶ ራሱን ችሎ መቆም እንደሚችል ነው። በ1905 መጨረሻ አሜሊን እንደገና ሲሥላት ከግንባሯ እስከ አገጯ ድረስ አንድ አረንጓዴ መስመር አወረደ፤ መስመሩ ፊቷን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ጎን ወደ ሮዝ፣ ሌላውን ወደ ቢጫ ይተወዋል። ሥዕሉ ዛሬ ኮፐንሀገን ነው። አረንጓዴው መስመር ቀድሞ ቡናማ ጥላ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ መሆኑን ያስተዋለ ሰው ሥዕሉ ውስጥ ኮሊዩርን ያገኛታል።

ማቲስ ወደ መንደሯ በሚቀጥሉት ዓመታት ተመላልሷል። በ1906 በዚያው አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅን ሁለት ጊዜ ሣለ። በመጀመሪያው ብሩሹ እንደ ቀድሞው ይሯሯጣል፤ በሁለተኛው ግን ምቶቹ ጸጥ ብለው ቀለሙ ሰፊና ወጥ ሆኗል፣ መስመሩም ጥርት ብሎ ተመልሷል። ለሲኛክ የጻፈለት የንድፍና የቀለም ጠብ እዚህ ላይ መታረቅ ጀመረ። ሁለተኛውን ለሊዮ ስታይን ሲያሳየው የኮሊዩር ፖስተኛ የሠራው ነው ብሎት እንደነበር ይነገራል። ምን ያህል ፈርቶ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

በ1914 መጸው፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከፈነዳ በኋላ፣ ማቲስ እንደገና ኮሊዩር ነበር። ለመዝመት ጠይቆ አልተቀበሉትም፤ እናቱ በቦኧን ከጀርመን ጦር በስተጀርባ ቀርታለች። በዚያ ጊዜም መስኮት ሣለ። በግራ የሰማያዊ፣ በቀኝ የግራጫና የአረንጓዴ ቋሚ ሰንበሮች አሉ፤ በ1905 ጀልባና ሮዝ ውኃ የነበረበት መካከለኛው ቦታ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው። ሥዕሉን በሕይወት ሳለ ለሕዝብ አላሳየውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ከሞተ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በ1966 ነው። ዛሬ የፓሪሱ የፖምፒዱ ማእከል ንብረት ነው። በጎን በኩል ብርሃን ሲያርፍበት ከጥቁሩ ሥር የሰገነቱ ብረትና የዛፎች ቅርጽ ይታያል፤ ማቲስ መጀመሪያ ደጁን ሥሎ፣ ኋላ ነው በጥቁር የሸፈነው።